እሺ፣ ውሃውስ ቆላ ወርዶ ነው?

ሞለኪውላር ላብራቶሪ ውስጥ ከናሙና ሁሉ ርካሹ ውሃ ነው። ፒሲአር (ዲኤንኤን ደጋግሞ የሚያባዛ ምርመራ) ስንሠራ ከደም የወጣው ዲኤንኤ ከሚጨመርባቸው ቲዩቦች ጎን አንዱ ላይ በዲኤንኤው ፋንታ ንጹሕ ውሃ እናደርጋለን። ኔጌቲቭ ኮንትሮል የምንለው እሱን ነው። ምንም ሊወጣበት አይገባም፤ ከወጣበት ሌሎቹ ቲዩቦች የሚሉትንም ማመን አይቻልም።

ይህን ሁላችንም ተምረነዋል፣ ፈተና ላይም ጽፈነዋል። ፈተናው የሚከብደው ውሃው ላይ ቀጭን ባንድ (የተባዛ ዲኤንኤ መኖሩን የምታሳይ መስመር) ወጥታ የቀረው ውጤት ግን እጅግ ሲያምር ነው።

ሥራችን ወባ ላይ ነበር። ናሙናው ከስምጥ ሸለቆ ቆላ ቀበሌዎች በማጣሪያ ወረቀት ላይ ደርቆ የመጣ የደም ጠብታ ነው። ደሙን የሰጡት ሰዎች ትኩሳት የላቸውም፣ በማይክሮስኮፕ ሲታዩም ነጻ ናቸው። እኛ የምንፈልገው ማይክሮስኮፕ ያላየውን የወባ ጥገኛ ተሕዋስ ነው። እንዲህ ያለ ድብቅ ወባ የእውነት አለ። በመስክ ሥራ ላይ ያለ ጎበዝ ባለሙያ እንኳ ጥገኛውን የሚያገኘው በአንድ ማይክሮ ሊትር ደም ውስጥ 50 ገደማ ሲሆን ነው፤ ፒሲአር ከዚያ በብዙ ያነሰውን ይይዛል። ስለዚህ የማስተርስ ተማሪያችን የመጀመሪያዎቹን ጄሎች (የተባዛው ዲኤንኤ በርዝመቱ ተለይቶ ባንድ ሆኖ የሚታይባቸውን ዝልግልግ ሰሌዳዎች) ሲያወጣና ባንዱ ከዳር እስከ ዳር ሲደረደር ማንም አልደነገጠም። ዶክተር (የቡድኑ መሪ) ያን ቀን ለሁላችንም ማኪያቶ ጋበዙ።

የምንጠቀምበት ተመራማሪዎቹ እነ ስኑኑ እ.ኤ.አ. በ1993 ያወጡት ኔስትድ ፒሲአር ነው። ሁለት ዙር አለው። በመጀመሪያው የፕላስሞዲየም (የወባ ጥገኛው) ዝርያዎች በሙሉ የሚጋሩት ቁራጭ ይባዛል፤ በሁለተኛው ከዚያ ላይ ጥቂት ተቀድቶ ለየዝርያው በተዘጋጀ ፕራይመር (ማባዛቱ ከየት እንደሚጀምር በሚያመለክት አጭር ዲኤንኤ) እንደገና ይባዛል። ፋልሲፓረም ከሆነ 205፣ ቫይቫክስ ከሆነ 120 ቤዝ (የዲኤንኤ ርዝመት መለኪያ) ላይ ባንድ ይወጣል። እኛ አገር ሁለቱም ስላሉ ዘዴው ይስማማናል። አደጋው ግን በሁለቱ ዙሮች መካከል ቲዩቡ መከፈቱ ነው። አንድ ቁራጭ በየዑደቱ እጥፍ ቢሆን ከ30 ዑደት በኋላ ከ1 ቢሊዮን ያልፋል። ክዳኑ ሲከፈት ዓይን የማያየው ርጭት ካመለጠ፣ የሚያመልጠው ቅጂ ሌላ ቲዩብ ውስጥ ሲገባ ራሱን የሚያስቆጥር ነው። በርበሬ ሲነፋ የዋለ ሰው ልብሱን ሳይቀይር ሕፃን አያቅፍም፤ የጄል ክፍል ጋዋን ማስተር ሚክስ ክፍል (ዲኤንኤው ከመጨመሩ በፊት የፒሲአሩ ግብዓቶች የሚቀላቀሉበት) እንዳይገባ የሚከለከለውም ለዚሁ ነው።

ውሃው ላይ ባንዷን መጀመሪያ ያየው ተማሪው ራሱ ነው።

«ዶክተር፣ ኔጌቲቩ ላይ የሆነ ነገር አለ።»

«ቀጭን ናት እኮ። ድገመው።»

ደገመው። አንዳንዴ ትጠፋለች፣ አንዳንዴ ትመጣለች። ስትጠፋ ጄሉ ሪፖርት ውስጥ ይገባል፤ ስትመጣ «ይደገም» ይባላል። ማንም ለማታለል አላሰበም። ግን እንዲህ ሲሠራ ከርሞ የሚቀረው ውጤት ውሃው ዝም ባለበት ቀን የተነሳው ብቻ ነው፤ እኔ እንደሚመስለኝ ከማታለል የሚለየው በሐሳብ እንጂ በውጤት አይደለም።

አንጋፋዋ ቴክኖሎጂስታችን ወባ ያልነካው ሰው ደም ከናሙናዎቹ መካከል ይግባ አለች። የተመረጠችው የሒሳብ ክፍል ባልደረባችን ናት፤ አዲስ አበባ ተወልዳ ያደገች፣ ከደብረ ብርሃን በቀር የትም ሄዳ የማታውቅ። ጣቷን ተወጋች፣ ደሟ ወረቀት ላይ ደረቀ፣ ከቆላ ሰዎቹ ጋር አብሮ ተሠራ። 205 ላይ እንደ ሌሎቹ ጥርት ያለ ባንድ ወጣባት።

ይህ ቢሮ ውስጥ ብቻ መቅረት ነበረበት፤ ተማሪው ግን ሻይ ላይ ነገራት። ሴትዮዋ የምር ደነገጠች። ከሰዓት በኋላ ፈቃድ ወስዳ ጤና ጣቢያ ሄዳ ተመረመረች፤ በማይክሮስኮፕ ምንም የለም። እዚህ ላይ ነው ነገሩ የሚያስቀውም የሚያሳዝነውም። ዶክተር በሙሉ ልብ፣ «በማይክሮስኮፕ አለመታየቱ ነጻ ናት ማለት አይደለም። ጥናታችን የሚለውም ይህንኑ ነው» አሉ። አነጋገሩ ስሕተት የለበትም። ድብቅ ወባ መኖሩን አምኖ የተነሳ ጥናት የራሱን ብክለት የሚደብቅበት ምቹ ቦታ አለው፤ የውሸቱ ባንድ ሁልጊዜ ማይክሮስኮፑ ያላየውን እውነት ይመስላል።

ቴክኖሎጂስቷ አልተከራከረችም። «እሺ ይሁን ዶክተር፤ እሷ ሳትነግረን ቆላ ወርዳ ይሆናል። ውሃውስ?» አለች።

ከዚያ በኋላ የተደረገው የተለመደው ነው፤ ጥፋተኛ ፍለጋ። ተማሪው «እጅህ ንጹሕ አይደለም» ተባለ። ውሃው ተደፋ፣ ፕራይመሩ ተጣለ፣ በስንት ደጅ ጥናት የተገዛ ኢንዛይም ተቀየረ። ባንዷ አልሄደችም። ጠረጴዛው በ70 በመቶ አልኮል ተወለወለ፤ አልኮል ግን ባክቴሪያ ይገድላል እንጂ ዲኤንኤ አያጠፋም። እንዲያውም ዲኤንኤ ከደም ስናወጣ የምናጥበው በአልኮል ነው! የዩቪ (አልትራቫዮሌት) መብራትም ሌሊቱን በራ። ዩቪ ረጅም ዲኤንኤን ይጎዳል፤ 120 እና 205 ቤዝ የምታህል አጭር ቁራጭ፣ በዚያ ላይ የደረቀች፣ ብዙ ጊዜ ታመልጠዋለች።

ቴክኖሎጂስቷ አንድ ጠዋት የጥጥ ዘንግ በንጹሕ ውሃ እያራሰች ላብራቶሪውን መጥረግ ጀመረች። የፍሪዘር እጀታ፣ የበር እጀታ፣ እያንዳንዱ ፒፔት (ጥቂት ፈሳሽ መቅጃ)፣ የቲዩብ መደርደሪያ፣ እስክሪብቶ፣ የጋዋን እጅጌ። እያንዳንዱን ዘንግ በየቲዩቡ ነክራ ቁጥር ጻፈችበት። መጨረሻ ላይ «ስልካችሁን» አለች። ዶክተር ስቀው የራሳቸውንም ሰጡ።

በየቲዩቡ ያለው በፒሲአር ተባዝቶ ጄሉ ሲወጣ አብዛኞቹ ፒፔቶች ዝም ብለዋል። ለሁለተኛው ዙር በውሰት የምትሄደው አንዷ ታየች። የበሩ እጀታ ደብዘዝ ብሎ ወጣ። ስልኮቹ ግን አበሩ፤ ከሁሉም ደማቁ የዶክተር ነው።

ነገሩ ሲታሰብ ግልጽ ነበር። የጄል ፎቶ ማንሻው ኮምፒውተር ከተበላሸ ቆይቷል፤ ሁላችንም ጄሉን የምናነሳው በስልክ ነው። ጓንት ያደረገ እጅ ጄሉን ያስተካክላል፣ በዚያው ጓንት ስልኩን ይዞ ያነሳል። ጄሉ ላይ ያለው ደግሞ የተባዛው ቅጂ ነው። ከዚያ ጓንቱ ይጣላል፣ ስልኩ ኪስ ይገባል፣ በማግስቱ ማስተር ሚክስ ክፍል ይገባል፤ ለአንድ ቲዩብ የሚሆነውን በ24 ለማባዛት ካልኩሌተሩ እሱ ነው፣ ሰዓት ቆጣሪውም እሱ ነው። አዲስ ጓንት ያደረገ እጅ ስክሪኑን ይነካል፣ ከዚያ የቲዩቡን ክዳን። ዶክተር ደግሞ ጄል በወጣ ቁጥር እየገቡ አንስተው ለውጭ ተባባሪዎቻቸው በቴሌግራም ይልኩ ነበር፤ ሲመለሱም በማስተር ሚክስ ክፍሉ በኩል ጎራ ይላሉ። ለተማሪው «ይቅርታ» አላሉትም፤ ግን ከዚያ ቀን ወዲህ ስለ እጅ ያነሳ ሰው የለም።

የተወሰደው እርምጃ ርካሽ ነው። በር ላይ የስልክ ቅርጫት ተቀመጠ፣ ከመርካቶ ካልኩሌተርና የወጥ ቤት ሰዓት ተገዛ፣ ጄል ክፍል የገባ ሰው የዚያን ቀን ወደ ማስተር ሚክስ አይመለስም ተባለ። ጠረጴዛው በአልኮል ፋንታ በበረኪና ይጠረጋል፤ አንድ እጅ በረኪና በዘጠኝ እጅ ውሃ፣ በየዕለቱ አዲስ ተበጥብጦ፣ አሥር ደቂቃ ቆይቶ በንጹሕ ውሃ ይታጠባል። የዲኤንኤ ማውጫ ኪት ዝቃጭ ላይ ግን በረኪና አይፈስም፤ ውስጡ ያለው ጓኒዲን ከበረኪና ጋር ሲገናኝ መርዛማ ጋዝ ያወጣል። ይህን የማያውቅ ቀናተኛ አጽጂ ከብክለቱ የባሰ ጣጣ ያመጣል።

ከዚያ ከመጀመሪያው ወረቀት ላይ አዲስ ቁራጭ ተበስቶ ሁሉም እንደገና ተሠራ። ብዙው ባንድ ጠፋ፤ የቀረው ደግሞ በተደገመ ቁጥር እዚያው ሰው ላይ ቀረ። ድብቅ ወባው ነበር ማለት ነው፤ ግን ማኪያቶ ያስጋበዘንን ያህል አልነበረም። የሒሳብ ክፍሏ ነጻ ሆነች። ዶክተር ለጉባኤ የላኩትን አብስትራክት (የጥናቱን ማጠቃለያ) ራሳቸው ደብዳቤ ጽፈው አስወጡት። በሙያችን ለዚህ ዓይነቱ ደብዳቤ የሚያጨበጭብ የለም፤ እኔ ግን ከብዙ የታተመ ጽሑፍ አስበልጬ አየዋለሁ።

የቀረው ለሁለተኛው ዙር ብቻ የሚውል የፒፔት ስብስብ መግዛት ነበር። የግዥ ክፍሉ ኃላፊ «ያላችሁ ይሠራል አይደል?» አለ። ይሠራል። «ታዲያ የሚሠራ ዕቃ ለምን ይደገማል?» ቴክኖሎጂስቷ የዚያን ቀን የጄል ፎቶ አትማ፣ ከእያንዳንዱ ረድፍ በላይ «ፒፔት»፣ «በር»፣ «የእገሌ ስልክ» ብላ ጽፋ ይዛለት ሄደች። ሰውየው ለረጅም ጊዜ አየውና ፈረመ። «ስልክ ግን በመሥሪያ ቤቱ በጀት አይገዛም» አለ።