አሽቀሎንን ከጥብሱ አልፋችሁ እዩልኝ

በበዓል ቀን እስራኤል ባለው የአሽቀሎን ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ ከኢትዮጵያ የመጣው የእኛ ሰው አይጠፋም። ከዛፍ ጥላ ሥር ከሰል ይያያዛል፣ ሥጋ ይጠበሳል፣ ልጆች ወደ ባሕሩ ይሮጣሉ፣ ሲመሽ ዕቃው ተሰብስቦ ወደ ቤት ነው። ደስ ይላል፤ እኔም ከቤተሰቤ ጋር እሄዳለሁ። የሚቆጨኝ ምንጣፋችንን ካነጠፍንበት ትንሽ ራመድ ብለን የማናየው ነገር ብዛቱ ነው። ይቺ እኮ በልጅነታችን ቄሶቹ ሲናገሩላት የሰማናት አስቀሎና ናት! ሶምሶን ወርዶ ሠላሳ ሰው የገደለባት፣ ዳዊት ለሳኦልና ለዮናታን ሲያለቅስ «በአስቀሎና አደባባይ የምሥራች አትበሉ» ያለላት።

መጀመሪያ የከነዓናውያንን በር እዩ። ዕድሜው 3800 ዓመት ግድም ነው፤ በዓለም ላይ ከተገኙት ቅስት በሮች እጅግ ጥንታዊ ከሚባሉት አንዱ ነው። አባቴን ይዤው ሄጄ ነበር። ጎንደር እያለ ጭቃ ከጭድ ጋር ረግጦ ቤት ሲመርግ የኖረ ሰው ነው፤ ከበሩ ፊት ቆሞ ብዙ አየው።

«ይሄ ጭቃ አይደለም እንዴ? ዝናብ እንዴት ሳይበላው ቀረ?»

«አፈር ውጦት ስለኖረ ነው፣ አባዬ።»

እውነትም በፀሐይ የደረቀ ጥሬ ጡብ ነው። በኋላ የመጡት ሰዎች የከተማዋን የአፈር ካብ ከፍ ሲያደርጉ በሩ ከሥር ተቀበረ፤ የተረፈውም በዚያ ነው። ከበሩ ውጭ ባለው ቁልቁለት ላይ በ1990 (እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር) አንዲት ጥጃ ተገኘች፤ ከነሐስ ተሠርታ በብር የተለበጠች፣ ቁመቷ ዐሥር ሴንቲ ሜትር ግድም የሆነ፣ ከሸክላ በተሠራ ትንሽ ቤተ ጣዖት ውስጥ የተቀመጠች። አሁን ኢየሩሳሌም የእስራኤል ሙዚየም ውስጥ ናት። አባቴ ይህን ሲሰማ በኦሪት ያለውን የጥጃውን ነገር ከመጀመሪያው አንሥቶ ተረከልኝ፤ ሙሴ ከተራራው እስኪወርድ ድረስ አላቆመም።

ከዚያ ወደ ባሕሩ ውረዱና ፊታችሁን ወደ ግንቡ መልሱ። ከድንጋዩ መሐል ግራጫ የግራናይት ዓምዶች ክብ ጫፋቸውን አውጥተው ይታያሉ። ከፈረሱ የሮማውያን ሕንፃዎች ተነቅለው፣ ለጭቃ ቤት ማገር እንደሚገባለት፣ ግንቡን እንዲያስሩ አግድም የተጋደሙ ናቸው። አጠገባቸው ስትቆሙ የጨው ነፋስ ያበላሸውን ልስላሴ በጣታችሁ ትለዩታላችሁ። ከተማዋን የመስቀል ጦረኞች በ1153 ያዙ፣ የሙስሊሞቹ ሱልጣን ሳላዲን በ1191 ራሱ አፈረሳት፣ በ1270 የግብፁ ሱልጣን ቤይባርስ ጨርሶ ደመሰሳት። ግንቡ ግን ይኸው አለ።

የፋርስ ዘመን የውሻ መቃብርም እዚሁ ተገኝቷል፤ ከ1000 በላይ ውሾች፣ እያንዳንዱ ለየብቻው በጎኑ ተጋድሞ። ለምን እንደዚያ እንደተቀበሩ ሊቃውንቱ እስከ ዛሬ ይከራከራሉ።

ከፓርኩ ውጭ ካለው ደግሞ ከሁሉ በላይ የሚደንቀኝ ባርዚላይ ሆስፒታል ግቢ ውስጥ ያለው ነው። ከሕንፃዎቹ ኋላ፣ ጉብታ ላይ፣ ነጭ የእብነ በረድ መድረክ አለ። የነቢዩ መሐመድ የልጅ ልጅ የሑሴን ራስ እዚህ ተቀብሮ እንደነበር፣ ከተማዋ በመስቀል ጦረኞች ልትያዝ ስትል ወደ ካይሮ እንደተወሰደ ይነገራል። ጥንት የነበረው መስጊድ በ1950 በእስራኤል ሠራዊት ፈርሷል። ዛሬም ከሕንድ ድረስ ሰው መጥቶ ይጸልይበታል። እኛ ስንቴ ለሕክምና ወረፋ ይዘን ተቀምጠናል፣ ስንቶቻችን ወደ ኋላ ዞረን አይተናል?

ዛሬ የአሽቀሎን ሰፈር የሆነችውን መጅደልንም አትለፉ። ሸማኔዎቿ የታወቁ የፍልስጤማውያን ከተማ ነበረች፤ ሕዝቧ ከ1948ቱ ጦርነት በኋላ እስከ 1950 ድረስ ወጥቶ አለቀ፣ አብዛኛውም ጋዛ ገባ። ትልቁ መስጊዳቸው ዛሬ የከተማው ሙዚየም ነው። ሸማ ከሚሠራ ወገን ለመጣ ሰው፣ የእነዚያን ሸማኔዎች ነገር ሳያነሡ በዚያ ሰፈር መመላለስ ልክ አይመስለኝም። አፍሪዳር ሰፈር ውስጥም የሮማውያን ዘመን ሁለት የእብነ በረድ የሬሳ ሣጥኖች አሉ፤ አንዱ ላይ የተቀረጸውን ጦርነት ልጆች ይወዱታል።

ሽማግሌ ይዛችሁ ከሄዳችሁ በጠዋት ግቡ፤ ከቀትር በኋላ ፀሐዩ አያስቆምም። በሩ ዘንድ ቁልቁለት ስላለ ከዘራ ይያዙ። ከሰሉንም ከጉብኝቱ በኋላ አያይዙት፤ ሥጋው አንዴ ከተጀመረ የሚነሣ ሰው የለም።