ሐረጎ ላይ ያደረው መኪና

ስልኬ የጮኸው ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ላይ ነው። ሹፌሩ ነበር። «ሐረጎ ላይ ቆሜያለሁ። ሲሚንቶ ጭኛለሁ። ናፍጣ አልስብ አለኝ» አለ። ሐረጎ ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ የሚያስወጣው ዳገት ነው። ልቤ ድንግጥ አለ። ከአምስት ሳምንት በፊት የዚያን መኪና የናፍጣ መስመር የሠራሁት እኔ ነኝ።

መኪናው አይሱዙ ኤፍኤስአር ነው። ያኔ ኮምቦልቻ ጋራዥ ሲገባ፣ ከሰልባቲዮው (ከናፍጣ ታንከሩ) ወደ መጀመሪያው ፊልትሮ (ማጣሪያ) የሚሄደው የጎማ ቱቦ ጫፉ ተሰነጣጥቆ ናፍጣ ያልብ ነበር። የፊልትሮው መግቢያ መጋጠሚያም ጥርሱ ተበልቷል። ሹፌሩ ጭነት ስለሚጠብቀው «ቶሎ በልልኝ» አለኝ። እኔም መለዋወጫ ሱቅ ሮጥኩ። ሻጩ ከጥቅሉ ላይ ጥቁር ቱቦ ስቦ 2 ሜትር ቆረጠልኝ። ወፍራም ነው፣ መሃሉ ክር አለው፣ ሲያዩት ያስተማምናል። «ናፍጣ ይችላል?» ስለው «ምን የማይችለው አለ!» አለኝ። ላዩ ላይ አንድም ጽሑፍ እንደሌለው አይቻለሁ። ነገሬ ግን አላልኩትም። መጋጠሚያውንም ከዚያው ሱቅ፣ ለውሃ መስመር የሚሸጠውን ባለ ሩብ ኢንች ይዤ መጣሁ። ሳስገባው ትንሽ ላላ አለኝ። ቴፍሎን ጠመጠምኩበትና በቁልፍ አጠበቅኩት። ጠበቀ። ሞተሩ ተነሣ፣ አንድም ጠብታ የለም። ሹፌሩ መርቆኝ ሄደ።

የጓደኛዬን ፒክአፕ ለምኜ ዳገቱን ወጣሁ። ክረምት ነው፤ ጭጋጉ መንገዱን ሸፍኖታል። መኪናው የቆመው ኩርባ ላይ ነበር። ረዳቱ፣ ገና ለጋ ልጅ ነው፣ የኋላውን ጎማ በታኮና በድንጋይ ደግፎ፣ ከመኪናው ኋላ ራቅ ብሎ የስልኩን መብራት እያወዛወዘ ከታች የሚመጣውን መኪና ያስጠነቅቃል። ፎጣውን ራሱ ላይ ጠምጥሞ ይንቀጠቀጣል። ሳየው አንጀቴን በላው። አንድ ሹፌር ፍሬን ቢዘገይበት የሚመጣው በእሱ ላይ ነው።

መስመሩን በእጄ ዳሰስኩት። ደረቅ ነው። እርጥበት እንኳ የለውም። በእጅ ፖምፓው አየሩን አወጣሁ፤ ሞተሩ ተነሣ፤ ሁለት ደቂቃ ሳይሞላው ጠፋ። ፊልትሮ ቀየርኩ። ያው ነው። እንደገና አየር አወጣሁ። ያው ነው። ቱቦው ስላላፈሰሰ ደህና ነው ብዬ ደምድሜ ስለነበር ወደ እሱ አልተመለስኩም። ሌሊቱ እንዲሁ ነጋ።

ጠዋት አለቃዬን ጠራኋቸው። መጥተው ሰላም ካሉን በኋላ፣ ሹፌሩ ሲብሰለሰል አይተው «አብሽር፣ ይገኛል» አሉት። ከቦርሳቸው ክንድ የምታህል ብርሃን የምታሳልፍ ቱቦ አወጡና ከፊልትሮው በኋላ፣ ወደ ፖምፓው በሚሄደው መስመር ላይ ቀጠሏት። ሞተሩ ሲነሣ በቱቦዋ ውስጥ እንደሚፈላ ውሃ አረፋ በአረፋ ሆነ። «አየህ፣ ልጄ» አሉኝ። «ይኼ የሚስብ መስመር ነው። የሚስብ መስመር ቀዳዳ ሲኖረው ሞተሩ እየሠራ ናፍጣ አያፈስም፣ አየር ይውጣል። ደረቅ ነው ብለህ አትመነው።»

መጋጠሚያውን ፈቱት። ፊልትሮው ላይ ያለው ጥርስ ኤም 14፣ ማለትም ባለ 14 ሚሊ ሜትር ውፍረት ነው፤ ከጥርስ ጥርስ ርቀቱ 1.5 ሚሊ ሜትር። እኔ ያስገባሁት የሩብ ኢንች የውሃ ጥርስ ነው፤ ውፍረቱ 13.16 ሚሊ ሜትር፣ ርቀቱ 1.34 ገደማ። ሁለት ሦስት ዙር ይገባና ይነክሳል። የጠበቀ ይመስላል እንጂ አልተጋጠመም። ክፍተቱን ይዞት የነበረው ቴፍሎኑ ነው። እሱም ተበጣጥሶ ነጭ ክሩ ፊልትሮው አፍ ላይ ተሰብስቧል። ለዚህ ዓይነት ቀጥ ያለ ጥርስ ቴፍሎን መድኃኒቱ አይደለም። የሚዘጋው ከሥሩ ያለው የመዳብ ሮንዴላ (ቀለበት) ነው፤ እሱም አዲስ መሆን አለበት። አዲስ ከጠፋ አሮጌውን እሳት ላይ አቅልቶ ማለስለስ ይቻላል።

ከዚያ ቱቦውን በቢላ በቁመቱ ሰነጠቁት። እዚህ ላይ ነው በጣም ያፈርኩት። የውስጡ ጎማ እንደ ዳቦ አብጧል፣ ከክሩ ተላቆ ምላስ ሆኖ ተንጠልጥሏል። ፖምፓው በሳበ ቁጥር ምላሱ እየተነሣ መንገዱን ይዘጋዋል። ሲቆም ይመለሳል። ጠዋት ጠዋት መኪናው ደህና መስሎ የሚነሣው ለዚህ ኖሯል። ያ ቱቦ የአየር ወይም የውሃ ነው። ጎማው ናፍጣ አይችልም።

«ታዲያ ለምን ኮምቦልቻ ሜዳ ላይ አልቆመም?» ብዬ ጠየቅኩ። ይህን መልሳቸውን እስከ ዛሬ ለጋራዡ ልጆች አስተምረዋለሁ። ፖምፓው በራሱ ናፍጣ አይጎትትም፤ ፊት ለፊቱ ያለውን ግፊት ዝቅ ያደርጋል። ናፍጣውን ከሰልባቲዮ ገፍቶ የሚያመጣው የውጭው አየር ነው። ኮምቦልቻ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 1,850 ሜትር ናት፤ ደሴ ወደ 2,500 ሜትር። ደሴ ከፍታ ላይ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛው ያህል ብቻ ነው። ገፊው ሲደክም፣ በዚያ ላይ ዳገትና ጭነት ተደምሮ ሞተሩ ብዙ ናፍጣ ሲፈልግ፣ ሜዳ ላይ የተቻለው ግማሽ የተዘጋ ቱቦ ሐረጎ ላይ አይቻልም። ለወሎ መንገድ የሚሠራ መካኒክ ይህን ካላወቀ መኪናውን ሜዳ ላይ ሞክሮ ደህና ነው ብሎ ይሸኛል። እኔ ያደረግኩት ይኼንኑ ነው።

ከዚያ ወዲህ ቱቦ ስገዛ መጀመሪያ የማየው ላዩ ላይ የታተመውን ነው። «ኤስኤኢ ጄ30 አር7» ወይም «አር9» ካለ፣ ወይም «ዲን 73379» ካለ ለነዳጅ የተሠራ ነው። ምንም ካልተጻፈበት፣ ሻጩ ወንድሜም ቢሆን አልገዛም። ከጠረጠርኩ ቁራጭ አስቀንሼ ናፍጣ ያለበት ብልቃጥ ውስጥ አሳድረዋለሁ፤ ጠዋት ካልነከርኩት ቁራጭ ጋር አስተያየዋለሁ። አብጦ ወይም ለስልሶ ከተገኘ ይመለሳል። የውስጥ ስፋቱንም እለካለሁ፤ ፋብሪካው 10 ሚሊ ሜትር ካደረገው 8 አላስገባም፣ ያው ማነቅ ነው። ቱቦውን አንቆ የሚይዘው ፋሸታም ጠርዙ ለስላሳ የሆነው ይሻላል፤ ጥርሱ ጎማውን የሚበላው ዓይነት ሲጠብቅ ቱቦውን ይቆርጠዋል። ጋልቫናይዝድ የውሃ መጋጠሚያ ናፍጣ መስመር ላይ አላስገባም፤ ዚንኩ ከናፍጣ ጋር ተዋህዶ የሚፈጥረው ዝቃጭ መጨረሻው ናፍጣውን ሞተሩ ውስጥ የሚረጨው ኢንጀክተር ነው። ያቺ ብርሃን የምታሳልፈው ቱቦም ለምርመራ ብቻ ናት፤ ከተተወች ትደርቅና ትሰነጠቃለች።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ልጆች ሲደፍሩት ስለማይ። ከዋናው ፖምፓ ወደ ኢንጀክተር የሚሄደው የብረት ቱቦ በምንም ጎማ አይቀጠልም። በአዳዲሶቹ ኮመን ሬይል ሞተሮች እዚያ ያለው ግፊት ከ1,000 ባር ይበልጣል። ሞተር እየሠራ መፍታት፣ ወይም የሚያፈስበትን ቦታ በጣት መፈለግ፣ ናፍጣው ቆዳ በስቶ ሥጋ ውስጥ እንዲገባ መፍቀድ ነው።

አለቃዬ ትክክለኛውን ቱቦና መጋጠሚያ ይዘው ነበር የመጡት። እኔ ገጠምኩት። ስጨርስ ወደ ሹፌሩ ሄድኩና «ጥፋቱ የእኔ ነው። ቱቦውም መጋጠሚያውም የተሳሳተ ነበር» አልኩት። ዝም ብሎ አየኝ። «የአደረው እሱ ነው፤ ለእሱ ንገረው» አለኝ ወደ ረዳቱ እየጠቆመ።

ነገርኩት። ልጁ ምንም አላለም። የተሰነጠቀውን ቱቦ ከመሬት አነሣና ውስጡን በጥፍሩ ጫን አደረገው። ጎማው እንደ ሊጥ ሰረጎደ። ጥቁር የሆነውን ጥፍሩን አየው፣ በፎጣው ጠረገው፣ ከዚያ ጎንበስ ብሎ ታኮውን ከጎማው ሥር ማውጣት ጀመረ።