ባላውን ነቅዬ ጣሪያው ዘመመ

ታላቅ እህቴ የልጇን ክርስትና ፎቶግራፎች ስታገላብጥ አንዱ ላይ ቆም አለችና «ያን ቀን ማን አስከፍቶሽ ነበር?» አለችኝ። ማንም አላስከፋኝም፤ እንዲያውም እየሳቅኩ ነው የተነሳሁት። አፌ ይስቃል፣ ዓይኔ ግን ያኮረፈ ሰው ዓይን ነው። የቅንድቤ የውጭ ጫፍ ወርዶ የዓይኔን ቆብ ተጭኖታል። 52 ዓመቴ ነው፤ እናታችንም በዚህ ዕድሜዋ እንዲሁ ነበረች።

እዚሁ አሜሪካ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሰፈሬ ወዳለ አንድ ክሊኒክ ሄድኩ። እኔን ያስጠሉኝ ግንባሬ ላይ የተጋደሙት ሦስት መስመሮች ስለነበሩ እነሱን አሳየሁ። መርፌ የያዘችውም ሴት አልተከራከረችኝም፤ ቦቶክስ የሚሉትን፣ ጡንቻን ለጊዜው የሚያዝለውን መድኃኒት፣ ግንባሬን ሙሉ ወጋግታ አሰናበተችኝ። በሳምንቱ ግንባሬ እንደተተኮሰ ነጠላ ተዘረጋ። ቅንድቤ ግን ጭራሽ ወረደ። መኪና ስነዳ የትራፊክ መብራት ለማየት አገጬን ቀና ማድረግ ጀመርኩ።

ነገሩን የፈታችልኝ ሌላ የቆዳ ሐኪም ናት። መጀመሪያ የጠየቀችኝ ቅንድቤ የወረደው በድንገትና በአንድ ወገን እንደሆነ ነው። እንዲያ ቢሆን የፊት ነርቭ መጎዳት ወይም ከዚያ የከፋ ነገር ሊሆን ስለሚችል፣ ቦታው የውበት ክሊኒክ ሳይሆን ድንገተኛ ክፍል ነው። ከዚያ መስታወት ፊት አስቀምጣኝ ቅንድቤን በጣቷ ገፋ ስታደርገው ቆቡ ተከፈተ። ችግሩ የቆቡ ሳይሆን የቅንድቡ መሆኑን በዚያ አየሁ።

ቅንድብን ወደ ላይ የሚስበው የግንባር ጡንቻ ብቻ ነው። በሁለቱ ቅንድቦች መሐልና በዓይን ዙሪያ ያሉት ጡንቻዎች ወደ ታች ይጎትታሉ። የግንባሩ ጡንቻ ደግሞ እስከ ቅንድቡ የውጭ ጫፍ በደንብ አይዘልቅም፤ ዕድሜና ፀሐይ ቆዳውን ሲያላሉት ቀድሞ የሚወድቀው ያ ጫፍ ነው። ለካ እኔ ሳይታወቀኝ ቀኑን ሙሉ ግንባሬን እየሰበሰብኩ ቅንድቤን ተሸክሜው ኖሬያለሁ። የጠላኋቸው መስመሮች የዚያ ሸክም ምልክት ናቸው። ባላውን አስነቅዬ ጣሪያው ለምን ዘመመ እላለሁ!

የመጀመሪያው መርፌ ኃይሉ እስኪያልቅ ከሦስት ወር በላይ ጠበቅኩ። ከዚያ ሐኪሟ ግንባሬን ሳትነካ ወደ ታች የሚጎትቱትን ጡንቻዎች ብቻ በጥቂቱ ወጋች። በሁለት ሳምንት ጫፉ የምስር ክክ ውፍረት ያህል፣ 2 ሚሊ ሜትር ገደማ ከፍ አለ። ከዚህ በላይ የሚጠብቅ ሰው ገንዘቡን ባያወጣ ይሻለዋል፤ ያም ቢሆን በሦስትና በአራት ወር ይለቃል።

ቆዳ ስር በመርፌ የሚሞላው ፊለርም ነበር፤ እሱን እኔው አልፈለግኩም። በዚያ አካባቢ ያሉ የደም ስሮች ከዓይን ጋር ይገናኛሉና መድኃኒቱ ስር ውስጥ ከገባ፣ ብዙ ጊዜ ባያጋጥምም፣ ዓይን ሊያጠፋ ይችላል። በአልትራሳውንድ ሙቀት ቆዳን የሚያጠብቀው መሣሪያ በአሜሪካ ቅንድብ ለማንሳት ከ2009 ጀምሮ ተፈቅዷል፤ ለውጡ የሚታየው ግን ከወራት በኋላ ነው፣ ያማልም። ለጊዜው ተውኩት።

አሁን ከዚያ መርፌ ወዲህ ሁለተኛ ወሩን ይዣለሁ። መብራት ላይ አገጬን አላነሳም። ሦስቱም መስመሮች ግንባሬ ላይ ተመልሰዋል፤ አልነካቸውም።