ፈጣን ጀልባ፦ ነዳጅ ከመስጠት በፊት መቀነስን መማር

ፈጣን የሞተር ጀልባ በእጁ የገባ ሰው ቀድሞ የሚጠይቀው «ስንት ይሄዳል?» ብሎ ነው። ቀድሞ መማር ያለበት ግን ማቀዝቀዝን ነው። ጀልባ ፍሬን የለውም፤ የሚያቆመው ውሃው ራሱ ነው። በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር የሚሮጥ ጀልባ ውሃውን የሚነካው በሆዱ የኋላ ጫፍ ብቻ ነው። በዚያ ፍጥነት ነዳጁ ባንዴ ከተቆረጠ አፍንጫው ይደፋል፣ ከውሃ ወጥቶ የነበረው የፊት ሆድ ይነከራል፣ ጀልባውም በፊቱ መታጠፍ ይጀምራል። በዚያች ቅጽበት መሪው ትንሽ እንኳ ዞሮ ከነበረ ኋላው ተወንጭፎ ፊቱን ይቀድማል፤ ውስጡ ያለው ሰው ሁሉ ይወረወራል። ጎበዝ የመኪና ሹፌር የሚሳሳተውም እዚህ ላይ ነው፤ ሲደነግጥ ነዳጁን መልቀቅ ልማዱ ነውና።

ስለዚህ የመጀመሪያው ልምምድ ይህ ይሁን፦ ሰው በሌለበት፣ ጥልቀቱ በታወቀና ጸጥ ባለ ውሃ ላይ በመካከለኛ ፍጥነት ቀጥ ብሎ መሄድ፣ ከዚያም ነዳጅ መስጫውን ሦስት አራት ሰከንድ ወስዶ ወደ ሚኒሞ፣ ማለትም ሞተሩ ሳይጠፋ ወደሚዞርበት ዝቅተኛ ዙር፣ መመለስ። ጀልባው እንዴት እንደሚቀመጥ፣ ራሱ የፈጠረው ማዕበልም ከኋላ ደርሶ እንዴት እንደሚገፋው እጅና ወገብ እስኪለምዱት ድረስ ይደጋገም። ወደ መታጠፍ መሄድ ከዚህ በኋላ ነው። ፍጥነት የሚቀነሰው ከመታጠፊያው በፊት፣ ገና ቀጥ ባለው መስመር ላይ ነው። ሞተሩ በትሪም (የሞተሩን ዘንበል ወደ ጀልባው ወይም ወደ ውጭ በሚለውጠው ቁልፍ) ትንሽ ወደ ውስጥ ይገባል፣ መሪው ቀስ ብሎ ይዞራል፣ እስከ መውጫው ድረስም ነዳጁ እኩል ይያዛል።

ነጂው ከቦታው ሲወድቅ ተነቅሎ ሞተሩን የሚያጠፋው ገመድ ሞተሩ ከመነሳቱ በፊት ነጂው ላይ ይታሰር። ከሕይወት አድን ጃኬቱ ቀለበት ወይም ከጭን ላይ ማሰር ጥሩ ነው፤ የእጅ አንጓ ላይ ከሆነ መሪው ላይ ይጠመጠማል። መሥራቱን ለማረጋገጥ በወጡ ቁጥር አንድ ጊዜ በሚኒሞ ላይ ነቅሎ ሞተሩ መጥፋቱን ማየት ይበቃል።

ትሪም የዚህ ሙያ ግማሹ ነው። ሲነሱ ሞተሩ ሙሉ በሙሉ ወደ ውስጥ ይገባል፤ ይህ አፍንጫውን ወደ ታች ስለሚጫን ጀልባው ቶሎ በውሃው ላይ ይወጣል። ከወጣ በኋላ ግን እዚያው መተው ስህተት ነው። አፍንጫው ውሃ እያረሰ ይሄዳል፣ መሪው ይከብዳል፣ ቅድም ያልነው በፊት የመታጠፍ አደጋም ይቀርባል። ቁልፉን በአጭር በአጭሩ እየነኩ ወደ ውጭ ማውጣት ያስፈልጋል። በየንክኪው ሦስት ነገር ይታያል፦ ከጎን የሚረጨው ውሃ ወደ ኋላ ይሸሻል፣ መሪው ይቀላል፣ የሞተሩ ዙርም ፍጥነቱም አብረው ይጨምራሉ። ዙሩ ጨምሮ ፍጥነቱ ካልጨመረ ፕሮፔለሩ (ከኋላ እየዞረ ጀልባውን የሚገፋው ባለ ክንፍ ብረት) አየር እየሳበ ነውና አንድ ንክኪ ይመለስ። አፍንጫው ከፍ ዝቅ እያለ መዝለል ከጀመረም መድኃኒቱ ያው ነው።

ከዚያ በላይ ባለው ፍጥነት ሌላ ዓይነት እንቅስቃሴ ይመጣል፤ ጀልባው ከግራ ወደ ቀኝ ይወዛወዛል። ሆዱ ከውሃ በጣም የወጣለት ባለ ጥልቅ «ቪ» (ሆዱ እንደ V ፊደል ወደ ታች የሾለ) ጀልባ በታችኛው ጠርዙ ጠባብ ቦታ ላይ ብቻ ስለሚቆም ሚዛኑን መጠበቅ ያቅተዋል። ውዝዋዜው ካደገ ጀልባውን ይገለብጣል። መሪውን እየተከተሉ ግራ ቀኝ ማረም ነገሩን ያባብሳል፣ ሁልጊዜ አንድ እርምጃ ዘግይተው ነውና የሚደርሱት። ትሪሙን በጥቂቱ ማስገባት፣ ነዳጁን ሳይቆርጡ መቀነስ፣ መሪውን ቀጥ አድርጎ መያዝ ነው። በተደጋጋሚ የሚከሰት ከሆነ ደግሞ ጥፋቱን ከራስ በፊት መሪው ላይ ፈልጉ። ጀልባው ከውሃ ወጥቶ አንዱ መሪውን ጭብጥ አድርጎ ይያዝ፤ ሌላው ከፕሮፔለሩ በታች ያለውን ቀጭን ክንፍ ይዞ ግራ ቀኝ ይነቅንቀው። ሞተሩ ብቻውን የሚንቀሳቀስ ከሆነ የላላ ብሎን፣ ያለቀ ቡሽንግ ወይም የሃይድሮሊክ መስመር ውስጥ የገባ አየር አለ። ይህ ሳይጠገን ፍጥነት አይሞከርም።

ማዕበል ላይ ፕሮፔለሩ ከውሃ ሲወጣ የሚገታው ስለሌለ ሞተሩ ዙሩን ባንዴ ይተኩሳል፤ በዚያው ዙር ውሃ ሲመታ ጉዳቱ የካምቢዮው ጥርስና ዘንግ ላይ ያርፋል። ነዳጁ ጀልባው ሲነሳ ቀነስ፣ ሲያርፍ መለስ ማለት አለበት። ትሪም አብዝቶ አውጥቶ ነፋስ ፊት ለፊት መግጠም ደግሞ ሌላ አደጋ ነው፤ ከሆዱ ሥር የገባው አየር አፍንጫውን ያነሳዋል። እንግሊዛዊው የፍጥነት ክብረ ወሰን ፈላጊ ዶናልድ ካምቤል እ.ኤ.አ. በ1967 እንግሊዝ ውስጥ ኮኒስተን ሐይቅ ላይ ብሉበርድ በተባለው ጀልባው የሞተው አፍንጫው ተነስቶ ወደ ኋላ ሲገለበጥ ነው። የእሱ ከሰዓት 480 ኪሎ ሜትር በላይ ነበር፤ ሁለት ሆድ ያላቸው ቀላል ጀልባዎች ግን ከዚያ እጅግ ባነሰ ፍጥነት ይነሳሉ።

አሁን ወደ ፕሮፔለሩ። ፒች የሚባለው ፕሮፔለሩ በአንድ ዙር በንድፈ ሐሳብ የሚሄደው ርቀት ነው። ሞተሩ በደቂቃ 5,800 ዙር፣ የካምቢዮው ምጣኔ 1.75 (ፕሮፔለሩ አንዴ ሲዞር ሞተሩ 1.75 ጊዜ ይዞራል)፣ ፒቹ 24 ኢንች ቢሆን፣ ፕሮፔለሩ በደቂቃ ወደ 3,314 ጊዜ ይዞራል፤ በ61 ሳንቲ ሜትር ሲባዛ በሰዓት 121 ኪሎ ሜትር ገደማ ይመጣል። ጂፒኤሱ 109 ካለ መንሸራተቱ 10 በመቶ ነው፤ ለፈጣን ጀልባ ይህ ጤነኛ ቁጥር ነው። ይህን ስሌት ጀልባው ደህና በነበረበት ቀን ሠርታችሁ ጻፉት። ሌላ ቀን በተመሳሳይ ጭነት 18 በመቶ ካመጣ የፕሮፔለሩ ጠርዝ ተጣሟል፣ ሆዱ ቆሽሿል፣ ወይም ሞተሩ ከፍ ብሎ ተሰቅሏል። ሌላው መታየት ያለበት ሙሉ ነዳጅ ላይ የሚደረሰው ዙር ነው። አምራቹ ከ5,000 እስከ 6,000 ብሎ ከወሰነና ጀልባው 4,800 ላይ ከቀረ፣ ሞተሩ ከአቅሙ በላይ እየተሸከመ ነው፤ በዚያ ሁኔታ የሚቃጠለው ፒስቶን ነው። ፒቹ በ1 ኢንች ሲቀነስ ዙሩ ከ150 እስከ 200 ይጨምራል።

ከጥገናው ሁሉ ትዕግሥት የሚገባው የታችኛው ካምቢዮ ዘይት ነው። በየ100 ሰዓቱ ወይም በዓመት አንዴ ይቀየራል፣ ብዙ የሚጋልብ ሰው ግን በየ50 ሰዓቱ ቢያየው እመክራለሁ። ሞተሩን ቀጥ አድርጎ ማቆም፣ የታችኛውን ብሎን ቀጥሎም የላይኛውን መፍታት። ቀድሞ የሚወጣውን ጠብታ በጥንቃቄ ተመልከቱ፤ ውሃ ከዘይት ስለሚከብድ ከታች ይተኛል። ወተት የመሰለ ዘይት ማገጃ ጎማው ውሃ ማሳለፉን ይናገራል። ብዙ ጊዜ ምክንያቱ የፕሮፔለሩ ዘንግ ላይ የተጠመጠመ የዓሣ ማጥመጃ ክር ነው፤ ፕሮፔለሩን ሳያወጡ አይታይም። ብሎኑ ጫፍ ያለው ማግኔት ላይ ጣት የማይቆረቁር ግራጫ ቅባት ቢገኝ ደህና ነው። በጣት የሚያዝ ስንጥር ከሆነ ጥርስ እየተሰበረ ነው፤ ካምቢዮው መከፈት አለበት። አዲሱ ዘይት የሚሞላው ከታች በፓምፕ፣ በላይኛው ቀዳዳ አረፋ የሌለው ዘይት እስኪወጣ ነው። ከላይ ከተሞላ አየር ይታሰራል፣ ላይኛው ኩሽኔታም ደረቅ ይቀራል። ቀድሞ የላይኛው ይዘጋ፣ ከዚያ ፓምፑ ተነቅሎ የታችኛው። የብሎኖቹ ጓርኒሲዮን ሁልጊዜ አዲስ ይሁን፤ አሮጌውን መመለስ ራሱ ውሃ ያስገባል።

የውሃ ፓምፑ ኢምፔለር፣ ማለትም እየዞረ ማቀዝቀዣውን ውሃ የሚገፋው ባለ ክንፍ መዘውር፣ ጎማ ነው፤ ያለ ውሃ ሰከንዶች ብቻ ቢዞር ይጎዳል። በዓመት ወይም በሁለት ዓመት ይቀየር። ሲወጣ አንድ ክንፍ ከጎደለው፣ የጎደለው ቁራጭ ማቀዝቀዣው መስመር ውስጥ ነውና ሳይገኝ አይዘጋ። ከጨው ውሃ በኋላ አሥር፣ አሥራ አምስት ደቂቃ በንጹሕ ውሃ ማጠብ ግዴታ ነው። መሥዋዕት ብረቶቹ (በሞተሩ ብረት ፈንታ እንዲበሉ የሚታሰሩት) በግማሽ ሲያልቁ ይቀየራሉ፤ ዚንክ ለጨው ውሃ፣ ማግኒዚየም ለንጹሕ ውሃ፣ አሉሚኒየም ለሁለቱም።

ሞተሩ ውስጡ የተቀመጠ ጀልባ ሁለት ተጨማሪ ነገር ይፈልጋል። ቤንዚን ከሆነ ከመነሳቱ በፊት ማራገቢያው ቢያንስ አራት ደቂቃ ይሥራ፤ ከዚያም ክዳኑን ከፍቶ ማሽተት። የቤንዚን ትነት ከአየር ስለሚከብድ ከታች ይተኛል፣ አንድ ብልጭታም ይበቃዋል። ሁለተኛው፣ ሞተሩንና ፕሮፔለሩን የያዘውን የኋላ እግር የሚያገናኘው ባለ እጥፋት የጎማ ቱቦ ነው። እግሩን ግራ ቀኝ አዙሮ በየእጥፋቱ ውስጥ ጣት እያስገቡ መሰንጠቁን መዳሰስ ይገባል፤ ቱቦው ከተቀደደ መጀመሪያ ኩሽኔታው ያልቃል፣ ቀጥሎ ጀልባው ይሰምጣል።

ፕሮፔለሩ ሲመለስ የዘንጉ ጥርሶች ጨው የሚችል ግራሶ ይቀቡ፣ ዳዶው በመመሪያው መጠን ይጥበቅ። ከውስጠኛው እምብርት ወደ ውጭው አካል አንድ የቀለም መስመር አሳልፋችሁ አስምሩ። ሞተሩ እየጮኸ ጀልባው የማይሄድበት ቀን ቢመጣ፣ መስመሩ ተቆርጦ ከታየ የተንሸራተተው የመሃል ጎማ ነው፤ ካምቢዮውን መፍታት አያስፈልግም።