ስልኩን ባለቤቱ እያየ መክፈት

የሞባይል ጥገና ሥራ ስጀምር ሙያው አላሳሰበኝም። የከበደኝ የሰው የጥርጣሬ ዓይን ነው። አንዳንዱ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ ያስቀምጥና እጁን ከላዩ ሳያነሳ ያወራኛል። አይፈረድበትም። የቤተሰቡ ፎቶ፣ የባንኩ መልእክት፣ የግል ወሬው ሁሉ እዚያ ውስጥ ነው። ባትሪውን አውጥቼ ኮፒ ብከትበት ደግሞ በምን ያውቃል?

አንድ ቀን አንድ አባት የቻርጅ ቀዳዳው የተበላሸ ስልካቸውን ሊወስዱ መጡ። አገላብጠው አዩትና «ልጄ፣ ስክሪኑ የኔው ነው?» አሉኝ። የራሳቸው ነበር፤ አልነካሁትም። ግን ምን አሳያቸዋለሁ? «አዎ አባቴ» ብዬ ዝም አልኩ። ከፍለው ሄዱ፤ ከዚያ በኋላ አላየኋቸውም። በጣም ነው ያዘንኩት። ሐቀኛ መሆኔን የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ።

በማግስቱ የሥራ ጠረጴዛዬን ከጓዳ አውጥቼ ፊት ለፊት አደረግኩት። ቀላል ጥገና ባለቤቱ እያየ ይሠራል። የሚያድር ስልክ ከሆነ በካርቦን ሁለት ቅጂ ወረቀት እጽፋለሁ፦ *#06# ሲደወል የሚወጣውን 15 አሃዝ መለያ ቁጥር፣ ጭረቱን፣ የሚሠራውንና የማይሠራውን። አንዱ ቅጂ የደንበኛው ነው። ሲም ካርዱንም እዚያው አውጥቼ እሰጠዋለሁ። ፓስወርድ መጠየቅ ትቻለሁ፤ ስልኩን ሊወስድ ሲመጣ ካሜራውንና ድምፁን አብረን እንሞክራለን። የቀየርኩትን አሮጌ ዕቃ እመልሳለሁ። ያበጠ ባትሪ ብቻ አሳይቼ አስቀረዋለሁ፤ እሳት ሊያስነሳ ስለሚችል ቤት መግባት የለበትም።

ስክሪን ላይም እንዲሁ ነው። ኦሌድ ስክሪን ጥቁር ምስል ሲያሳይ ጨርሶ ይጠፋል፤ በእሱ ቦታ የሚገባው ርካሹ ኤልሲዲ ግን ከኋላ መብራት ስላለው ግራጫ ይመስላል። ሁለቱን ጎን ለጎን አብርቼ አሳያለሁ። ብዙ ሰው ልዩነቱን አይቶም ርካሹን ይመርጣል። ይምረጥ። አውቆ የገዛ ሰው ተመልሶ አይጣላኝም።

ከሁሉም በላይ ያስተማረኝ ግን የራሴ ጥፋት ነው። አንዲት ልጅ ውኃ ውስጥ የወደቀ ስልክ አመጣች። ፈትቼ ቦርዱን በአልኮል አጸዳሁ፣ አደረቅሁ፣ በራ። ደስ አላት፤ እኔም ደስ ብሎኝ «አለቀ፣ ምንም አይሆንም» አልኳት። በሦስተኛው ሳምንት ይዛው መጣች፤ ጨርሶ ሞቷል። «የእናቴ ድምፅ እዚህ ውስጥ ነው ያለው» አለችኝ። እናቷ በሕይወት የሉም።

ውኃ የገባው ቦርድ ሥራ ጀምሮም ውስጥ ውስጡን ሊዛግ እንደሚችል አውቅ ነበር። ደስታዋን ላለማደፍረስ ብዬ አልነገርኳትም። ሳትጠይቀኝ ገንዘቧን መለስኩ። «ጥፋቱ የኔ ነው፣ ልንገርሽ ይገባ ነበር» አልኳት። ቦርዱን በጥቃቅን ብየዳ ከኔ ወደሚበልጥ ባለሙያ ወስጄ ከኪሴ ከፈልኩ። ስልኩ ለጥቂት ሰዓት በራ፤ ፋይሉ ተገለበጠ። የእናቷ ድምፅ ተገኘ። እዚያው ወንበር ላይ ተቀምጣ ስታዳምጥ እኔ ወደ ውጭ ወጣሁ።

አሁን ውኃ የገባበት ስልክ ሲመጣ ገና ሳልፈታው እናገራለሁ፦ «ከበራ ወዲያው ፋይልህን ገልብጥ። ነገ ሊጠፋ ይችላል። በዚህ ዋስትና አልሰጥም።» ይህን ሰምቶ «ችግር የለም» ወደሚለው ጠጋኝ የሚሄድ አለ። ሥራ በቀዘቀዘበት ወር ይህ ያማል፤ የቤት ኪራይ አይጠብቅም። ቢሆንም ያችን ልጅ አስታውሳለሁና ያንኑ እደግመዋለሁ።

ከወራት በኋላ ስክሪኑ የተሰበረ ስልክ የያዘ ወጣት መጣ። «እህቴ ናት የላከችኝ» አለ። ስሟን ሲነግረኝ አወቅኋት። ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አኖረና «ማታ እመጣለሁ» ብሎ ወደ በሩ ዞረ። ጠርቼ አስቆምኩት፤ ወረቀቱን ገና አልጻፍኩለትም ነበር።