በሩን ቀስ ብለህ ዝጋ

ቅዳሜ ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ላይ አሜሪካ፣ ሳውዝ ዳኮታ ካለችው ከሱ ፎልስ ከተማ ለአደን ተነሳን። እኔ፣ ጡረታ የወጡት ጎረቤቴ እና ቡቺ። ቡቺ የሴተር ዘር የአደን ውሻ ነው። ጎረቤቴ የስሙን ትርጉም ሲጠይቁኝ «እኛ አገር ከሁለት ውሻ አንዱ ቡቺ ነው» አልኳቸው።

ከሦስት ሰዓት ተኩል በኋላ የሚዙሪን ወንዝ ተሻግረን ፎርት ፒየር የሣር ምድር ደረስን። ከ46 ሺህ ሄክታር በላይ ሣር ነው። ዛፍ ብርቅ ነው።

የምናድነው ሻርፕቴል ግራውስ የሚሉትን ወፍ ነው። እኔ ቆቅ እለዋለሁ፤ የሩቅ ዘመዱም ነው። እግሩ ላባ ለብሷል። ብርዱ ሲመጣ ደግሞ በጣቶቹ ዳርና ዳር የማበጠሪያ ጥርስ የመሰለ ነገር ያበቅላል፤ በረዶ ላይ መራመጃው ነው።

መስከረም ላይ አደኑ ሲከፈት ገና ልምድ የሌለው ወጣት ቆቅ ውሻው አጠገቡ እስኪደርስ ቁጭ ብሎ ይጠብቅሃል። በቀን ለአንድ ሰው የሚፈቀደው 3 ነው፤ ያኔ 3 ይዞ መግባት ሙያ አይደለም። ታኅሣሥ ላይ ግን በመንጋ ነው የሚውለው። አርባ ቆቅ ማለት ሰማንያ ዓይን ነው። ጆሮውንማ ተወው።

መኪናውን አቆምን። ጎረቤቴ በሹክሹክታ «በሩን ቀስ» አሉኝ። አዲስ አበባ እያለሁ ስንት የላዳ ሹፌር «በሩን ቀስ!» ብሎ ጮኾብኛል። አልተማርኩም። ጓ! አደረግኩት።

ከሁለት መቶ ሜትር ማዶ መንጋው በሙሉ ተነሳ። ኩክ-ኩክ-ኩክ እያሉ፣ የሚስቁብኝ ነው የሚመስለው። ክንፋቸውን መታ መታ አድርገው፣ ዘርግተው፣ ተንሳፍፈው ከኮረብታው ጀርባ ጠፉ። ጎረቤቴ ምንም አላሉም። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

ከዚያ አራት ሰዓት በእግር። በቡቺ ጣቶች መሃል በረዶ እየተጋገረ ያነክሳል። ጓንቴን አውልቄ፣ በትንፋሼ እያሟሟሁ አንድ በአንድ ለቀምኩለት። መዳፌን ይልሳል፣ ሳልጨርስ ይሮጣል።

እኩለ ቀን ሲያልፍ ነፋስ ከማይነካው የኮረብታው ጎን ደረስን። ፀሐይ መታው መሰለኝ ቆቁ ሰነፍ ብሏል። ቡቺ ድንገት ደርቆ ቆመ። አፍንጫው ወደ ነፋሱ፣ አንድ እግሩ እንደተንጠለጠለ። ትንፋሼን ዋጥ አድርጌ ተጠጋሁ። አምስቱ ሩቅ ተነሱ፤ አልተኮስኩም። አንዷ ዘግይታ ከሣሩ ሥር ፈነዳች። በሁለተኛው ጥይት ወደቀች።

ቡቺ አምጥቶ እጄ ላይ አስቀመጠልኝ። ገና ነፍሷ አልወጣችም። እናቴ ስልክ ላይ «ስንት ገደልክ?» ብላ አታውቅም፤ የምትለኝ «ሳትሞት ደረስክባት?» ነው። ካልሆነ በክት ነው፣ አለቀ። ቢላዬን አወጣሁ፣ በስመ አብ ብዬ ባረክኳት። ጎረቤቴ ለምደውታል፤ ዞር ብለው ይጠብቁኛል። አንገቷ ሥር ያለውን የምግብ ቋቷን ስከፍት ቀይ የዱር ጽጌረዳ ፍሬና ጥቂት በቆሎ አገኘሁ፤ ፍሬው ገና ይሞቃል።

እሳቸው ምንም አልመቱም፤ ቢመቱ ኖሮ ግን «ማታውኑ ጠብሼ በላሁልህ» ይሉኝ ነበር። የእኛ ነገር ጾም ነው። ቤት ገብቼ ሽሮዬን በላሁ፤ ቆቋ እስከ ገና ፍሪዘር ገባች።

ባለቤቴ የፍሪዘሩን በር ይዛ አየቻትና፣ «ለዚህች ስንት ኪሎ ሽንኩርት ልክተፍ?» አለችኝ።