ለኤፍ-86 ሴበር ሞዴሌ መስታወት እንዴት እንደሠራሁ

ያገለገለ የሞዴል አውሮፕላን ካርቶን ውስጥ አንድ ዕቃ መጥፋቱ የተለመደ ነው። የጠፋው አንቴና ወይም የጎማ መሸፈኛ ከሆነ ብዙ አያስጨንቅም፤ ከቁራጭ ፕላስቲክ ይቀረጻል። እኔ ያጣሁት ግን የአብራሪውን መስታወት ነው፤ ካኖፒውን። ሞዴሉ የአክስቴ ልጅ ከአሜሪካ ሲመጣ ይዞልኝ የመጣው 1/72 (ከእውነተኛው 72 ጊዜ ያነሰ) የኤፍ-86 ሴበር ተዋጊ ጄት ነው። የፊተኛው መስታወት አለ። ወደ ኋላ እየተንሸራተተ የሚከፈተው ጎበጥ ያለው ክፍል ግን የለም።

ሌላ አውሮፕላን ቢሆን ምናልባት ወደ ጎን አደርገው ነበር። ሴበር ግን የእኛም ታሪክ አለበት። አየር ኃይላችን ከደብረ ዘይት ያበረው ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1961 ደግሞ አራት ሴበሮች በተባበሩት መንግሥታት ጥላ ሥር ኮንጎ ዘምተዋል። እሱን ያለ መስታወት መደርደሪያ ላይ ማስቀመጥ አልሆነልኝም። ውጭ አገር ምትክ መስታወት ለብቻው ይሸጣል፤ ነገር ግን የአውራ ጣት አንጓ ለማታክል ፕላስቲክ የፖስታ መክፈል ከበደኝ። ደግሞም ራሴ ልሠራው ፈልጌ ነበር።

ዘዴው ቀላል ነው። የመስታወቱን ቅርጽ ከእንጨት ትቀርጻለህ። እንጨቱን የሃይላንድ ጠርሙስ ውስጥ ከትተህ ጠርሙሱን በሙቀት ታኮማትረዋለህ። ፕላስቲኩ እንጨቱን ጥብቅ አድርጎ ይይዝና ቅርጹን ይወስዳል። ጠርሙሱ የሚኮማተረው በምክንያት ነው። ፋብሪካ ውስጥ መጀመሪያ ወፍራምና አጭር ቱቦ ነበር። እሱን አሙቀው፣ በአየር ነፍተውና ወጥረው ነው ጠርሙስ ያደረጉት። ወደ ሰባና ሰማንያ ዲግሪ ሲሞቅ ውጥረቱ ይለቀቅና ወደ ቀድሞው መጠኑ ለመመለስ ይሰበሰባል።

መለኪያውን ያገኘሁት ከሞዴሉ ከራሱ ነው። የመስታወቱ ስፋት መቀመጫው ላይ ይታያል፤ የፊተኛው መስታወት ጀርባ ደግሞ ቅስቱንና ከፍታውን ይነግርሃል። የቀረው የጎን ቅርጹ ነው። ለዚያ ከጎን የተነሳ የእውነተኛ ሴበር ፎቶ ፈለግሁ። ከቅርብ የተነሳ ፎቶ ቅርጽ ስለሚያዛባ ከሩቅ የተነሳውን መረጥኩ። እውነተኛው አውሮፕላን 11.4 ሜትር ገደማ ይረዝማል፤ ለ72 ሲካፈል 16 ሴንቲሜትር አይሞላም። ፎቶውን በዚያው ልክ አሳትሜ የመስታወቱን መስመር በካርቶን ቆረጥኩት። ከዚያ በኋላ እንጨቱን ስቀርጽ በየጊዜው ካርቶኑን እያስጠጋሁ ወደ ብርሃን አየዋለሁ። ብርሃን ከሾለከ፣ እንጨቱ ካርቶኑን የነካበት ቦታ ገና መቀረጽ ይቀረዋል ማለት ነው።

እንጨቱ ወይራ ነው። ለመቅረጽ ይጠጥራል፣ ግን ጥቅጥቅ ያለ ስለሆነ ሲለሰልስ ቆንጆ ይሆናል። ሁለት ነገር አስቀድሞ ማሰብ ያስፈልጋል። አንደኛ፣ ፕላስቲኩ ውፍረት ስላለው እንጨቱ ከመስታወቱ በጥቂቱ ማነስ አለበት፤ ልዩነቷ በብርጭቆ ወረቀት ጥቂት ማሻሸት የምታህል ናት። ሁለተኛ፣ እንጨቱ መስታወቱ በሚያልቅበት መስመር ላይ ማለቅ የለበትም። እኔ ከታች አንድ ሴንቲሜትር ያህል እግር ተውኩለት። ፕላስቲኩ ጠርዝ ላይ ሲደርስ ወደ ውጭ መከፈት ይወዳል፤ እግሩ ካለ ያ የተበላሸው ክፍል ተቆርጦ የሚጣለው ላይ ያርፋል።

ብዙ ሰዓት የፈጀብኝ ማለስለሱ ነው፤ የሥራው ልብም እዚህ ላይ ነው። ሰው ፕላስቲኩን ይፈራል፣ ፕላስቲኩ ግን የታዘዘውን ነው የሚያደርገው። የእንጨቱን ጭረት፣ የእንጨቱን ጅማት፣ አቧራ እንኳ ካለ አቧራውን ሳይቀር ይገለብጣል። መስታወት ስለሆነ ደግሞ ቀለም የሚሸፍነው ነገር የለም። ስለዚህ እንጨቱን ቀጭን ሱፐር ግሉ አጠጣሁት፣ ሲደርቅ በ400 ቁጥር የብርጭቆ ወረቀት፣ ቀጥሎ በ800፣ መጨረሻ በ1200 ውሃ እያስነካሁ አሸሁት። ከዚያ የጥርስ ሳሙና በጨርቅ። በጣት ስትነካው ለስላሳ ነው ብለህ እንዳታምን። አምፖል ሥር አዙረህ እየው። የአምፖሉ ነጸብራቅ ሳይሰበር ከጫፍ እስከ ጫፍ ከሄደ በቃ፣ ደርሷል።

ጠርሙስ ስትመርጥ መስመርና ቁልቁለት የሌለበትን ለስላሳ ቦታ ፈልግ። የውሃው ሃይላንድ ብዙ ጊዜ ስስና ባለሸንተረር ነው። የሁለት ሊትር ለስላሳ መጠጥ ጠርሙስ ይሻላል፤ ወፈር ይላል፣ ሆዱም ሜዳ ነው። ወደ ሰማያዊ የሚያደላውን ተወው። ጠርሙሱን ቆርጬ እንጨቱን ከተትኩ፣ ከጀርባው ባዶውን ቦታ በሌላ እንጨት ሞላሁት።

የፀጉር ማድረቂያ ለስሱ ጠርሙስ ይሠራል፤ ለወፍራሙ ግን አቅም ያንሰዋል። ሰፈራችን ያለው ሞባይል ጠጋኝ ሆት ኤሩን፣ ማለትም ሞቃት አየር የሚነፋውን መሣሪያ፣ አዋሰኝ፤ ሙቀቱን መቆጣጠር ስለሚቻል ይሄ ትልቅ ነገር ነው። ከሩቅ ትጀምራለህ፣ እያዞርክ፣ አንድ ቦታ ሳትቆም። መጀመሪያ ምንም የሆነ አይመስልም። ከዚያ ፕላስቲኩ ድንገት ይንቀሳቀሳል፤ ጠርዙ ይጠቀለላል፣ መሐሉ እንጨቱ ላይ ተኝቶ ይለጠፋል፣ ነጸብራቁም ይጠራል። እዚያ ላይ ማቆም ነው። ትንሽ ልጨምር ካልክ ፕላስቲኩ እንደ ወተት ይነጣል፤ አንዴ ከነጣ ደግሞ አይመለስም። መስኮት መክፈትም አይረሳ፣ የሞቀ ሱፐር ግሉ ዓይን ያቃጥላል።

መቁረጡ ትዕግሥት ይፈልጋል። ፕላስቲኩ እንጨቱ ላይ እንዳለ በፕላስተር ጠርዝ መስመር አበጅቼ፣ በአዲስ ምላጭ በቀስታ ደጋግሜ ሄድኩበት። በአንድ ጊዜ ለመቁረጥ ከተጫንከው ምላጩ ይንሸራተትና መሐሉን ይጭረዋል። ከለቀቀ በኋላ ጠርዙን እያሸህ፣ ሞዴሉ ላይ እየለካህ፣ እንደገና እያሸህ ታስገባዋለህ።

ማጣበቂያው ላይ አደራ። የሞዴል ሙጫ የሞዴሉን ፕላስቲክ አቅልጦ ነው የሚያያይዘው፤ የጠርሙስ ፕላስቲክ ላይ አይሠራም። ሱፐር ግሉ ደግሞ ጭሱ መስታወቱን ያደበዝዘዋል። የአናጢ ነጭ ኮላ ምርጥ ነው፤ ሲደርቅ ጥርት ይላል፣ የተረፈውም በእርጥብ ጥጥ ይጠረጋል። የመስታወቱን ጠርዝ በብሩሽ አልቀባሁትም፣ የጠርሙስ ፕላስቲክ ቀለም አጥብቆ አይዝም። ስስ ስኮች ላይ የብር ቀለም ቀብቼ፣ ሲደርቅ በማስመሪያ ቀጭን ቀጭን አድርጌ ቆርጬ ለጠፍኩት።

መስታወቱን ከፈት አድርጌ ነው ያስቀመጥኩት። ሴበር መሬት ላይ ሲቆም ብዙ ጊዜ እንዲያ ነው የሚታየው፤ የአብራሪው ወንበርም በደንብ ይታያል። እንጨቱን አልጣልኩትም። ያው ሞዴል ያለው አንድ ጓደኛዬ የእሱ መስታወት የተሰነጠቀ ነበርና ከዚያው እንጨት ሌላ አወጣሁለት። ማለስለሱ አልቆ ስለነበር የእሱ በአንድ ምሽት ደረሰ።